ከየትኛው መጠን በላይ

እና ውሃው የማን ነው፣ ይኸው ነው ጥያቄው፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቡታጅራ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠን አንዲት ጀልባ መከፋፈል አቅቶናል፣ የውሃው ሰውዬ ውሃው የኛ ነው፣ ከውሃው በላይ ያለው ግን አይመለከተንም ይላል፣ በመዳፉ ጠረጴዛውን እየዳበሰ፣ ከዚህ በታች የኛ፣ ከዚህ በላይ የናንተ፣ የግብርናው ደግሞ እኛ የፈቀድንለት ዓሣ እንዲያጠምድ ነው፣ ሰው አመላልስ መች አልነው ይላል፣ ፖሊሱ ሰው ሞቷል፣ ሰው የሞተበት ነገር ወንጀል ነው፣ አለቀ ይላል፣ እኔስ፣ እኔ ትራንስፖርት ነኝ፣ እኔ ያው ሃያ ሁለት ዓመት ስል የኖርኩትን እላለሁ፣ ጎማ ያለው የኛ ነው፣ ጎማ የሌለው የኛ አይደለም። ጀልባ ጎማ የላትም። ተገላገልኩ።

አልተገላገልኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀት አለ።

ተረጋጋ ያረጋል፣ ማንም ቦርሳህን አያይም፣ እግርህን አታወዛውዝ፣ ከወልቂጤ ተነስቼ በአገና በኩል ተራራውን ዞሬ እስክደርስ ድረስ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፌያት ነው የመጣሁት፣ መኪናው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከላይ አስቀምጠው አባቴ ስትለኝ አይ ይመቸኛል አልኳት፣ ምኑ ነው የሚመቸኝ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የገዛ ፊርማዬ ያለበት፣ እያላበኝ ታቅፌው መጣሁ።

ነገሩ እኮ ለሚሰማ አጭር ነው፣ ከወልቂጤ ወደ ታች ወረድ ሲባል ግድብ የገታው ውሃ አለ፣ ማዶው ሌላ ክልል ነው፣ ሌላ ገበያ፣ ከማሉ የሚባል ሰው በጀልባ ሰው ያሻግር ነበር፣ ከዛሬ ሠላሳ ስምንት ቀን በፊት፣ ስምንት ሰውና ስድስት ጆንያ በርበሬ ጭኖ ሲሄድ ጀልባዋ መሀል ላይ ውሃ አስገባች፣ ሰጠመች፣ ሰባቱ ጄሪካን ይዘው ወጡ፣ አንዷ አልወጣችም፣ ሰልሚያ ሸረፋ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ የመስቃን ልጅ፣ በርበሬው የሷ ነበር። ከማሉ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ፈልጓታል ይላሉ። ከዚያ በእግሩ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ፣ እስካሁን እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ካርታ ተዘረጋ፣ የውሃው ሰውዬ ነው፣ ድንበሩ ድሮ ወንዙ ነበር፣ ወዲህ እኛ ወዲያ እነሱ፣ ግድቡ መጣና ውሃው ተኛ፣ ወንዙም ከሥር ቀረ፣ ድንበሩ አብሮ ሰጠመ፣ ሰውዬው በእስክሪብቶ መስመር ያሰምራል፣ ጀልባዋ ከዚች ወዲያ ከሆነ የሰጠመችው ምርመራው የነሱ ነው ይላል፣ ፊቱ ፍክት ብሏል፣ ፖሊሱ አንገቱን አስግጎ ሬሳዋ በየትኛው ዳር ነው የወጣው ይላል፣ እንዴ፣ ሬሳ እኮ ውሃ የወሰደው ይሄዳል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሄዷል፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነን፣ ይህን ጮክ ብዬ አልኩት እንዴ፣ አላልኩትም፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ወይዘሮ እሌኒ ሰብሳቢዋ ናት፣ አስተዳደር ከመግባቷ በፊት አስተማሪ ነበረች፣ ያስታውቅባታል፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ታስቆማለች። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ ትላለች፣ አትቀላቅሉብኝ፣ አንዱ የፖሊስ ነው፣ ማን አጠፋ የሚለው፣ ሌላው ባሕርንና ሐይቅን የሚመለከተው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚያደርገው ነው፣ ለምን ሰጠመች የሚለው፣ ይሄኛው ሰው ለማሰር አይደለም፣ ነገ ሌላዋ እንዳትሰጥም ነው፣ ጀልባዋን ያወጣል፣ እንጨቷን ያያል፣ ሞተሩን ይፈታል፣ ማን ምን ፈቀደ ማን ምን ከለከለ ብሎ እኛንም ይጠይቃል፣ ግን ከላይ ሆኖ አያይም፣ ከታች ና ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ይፈልጋል። ማነው የሚጽፈው?

ከውጭ ባጃጅ ጡሩምባዋን ታንባርቃለች፣ ገበያ ነው፣ ውስጥ ግን እጁን የሚያነሳ የለም፣ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ የጻፈ ባለቤት ይሆናል፣ ና ብሎ የጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ የግብርናው ስልኩን ያያል፣ የውሃው ካርታውን ቀስ አድርጎ ያጥፋል፣ እኔ የጠርሙስ ውሃዬን ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ።

ለማንኛውም ይላል ፖሊሱ፣ የኛ መዝገብ አልቋል፣ ለዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ነው፣ ያነብልናል፣ ተጠርጣሪው ሊደርስ የሚችለውን አደጋ እያወቀ ጀልባዋን ከመጠን በላይ ጭኖ።

ከየትኛው መጠን በላይ?

ይቺ ናት፣ ይቺ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ፣ ከየትኛው መጠን፣ ማን የሰጠው መጠን፣ ስምንት ሰው ብዙ ነው፣ እሺ፣ ከስንት ይበልጣል ብዙ የሆነው፣ ከአምስት፣ ከስድስት፣ ጆንያው ስንት ሰው ነው የሚባለው፣ በመላው ዞን፣ በመላው ክልል፣ ያቺ ጀልባ ስንት እንደምትጭን የተጻፈበት አንድ ወረቀት የለም፣ የለም፣ እኔ ነኝ የማውቀው እንደሌለ፣ ምክንያቱም የጠየቀኝ ራሱ ከማሉ ነው።

ጥር ነበር፣ ያለፈው ዓመት ጥር፣ ወልቂጤ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ፣ አጭር ሰው፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ መቅዘፊያ የላጠው፣ ኧረ ግባ አልኩት፣ በራፖር ጸሐፊ ያጻፈው ማመልከቻ ይዟል፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውሃ የለመደ ሰው አይደል፣ አነበብኩት፣ ጀልባዬ በባለሙያ ታይታ ስንት ሰው መጫን እንዳለብኝ ቁጥሩ እንዲሰጠኝ ስል በአክብሮት አመለክታለሁ። ሳቅኩ። ወንድሜ፣ ጀልባ እኮ ጎማ የላትም አልኩት፣ እሱም ለይሉኝታ ያህል ሳቀ፣ ከዚያ አልሄደም፣ ጌታው ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ አለ፣ እኔ ጎኗ ላይ በቀለም እጽፈዋለሁ፣ ገበያ ቀን ሰዎቹ እየተጋፉ ይገቡብኛል፣ ውረዱ ስላቸው አይሰሙኝም፣ የመንግሥት ቁጥር ካዩ ግን ይወርዱልኛል።

የመንግሥት ቁጥር ካዩ ይወርዱልኛል፣ አለኝ።

ልቤ ትንሽ አዘነለት፣ እውነቴን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እንደ ሌላው ሂድ ብዬ አላባረርኩትም፣ ቁጭ አድርጌው ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የድሮ ደብዳቤ ነበር፣ ቀኑን ቀየርኩ፣ ስሙን ቀየርኩ፣ አድራሻው ላይ ግን የድሮው ክልል፣ የውሃ ላይ ጉዞን ያይ የነበረው ክፍል፣ ክልሉ ደግሞ ተከፋፍሏል፣ ክፍሉ ፈርሷል፣ ሠራተኞቹ በየከተማው ተበትነዋል፣ አውቃለሁ፣ ስፈርም አውቃለሁ፣ እጄ ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር፣ አዲሱ አድራሻ ማነው ብዬ ለመጠየቅ ሁለት ስልክ መደወል ነበረብኝ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ከሥር ግልባጭ አለ አልኩ፣ ለውሃ ግልባጭ፣ ለግብርና ግልባጭ፣ ለፖሊስ፣ ለአስተዳደር፣ ለወረዳው፣ አምስት ግልባጭ፣ ከአምስቱ አንዱ ያነበዋል አልኩ። ማኅተም ተመታ። ወጪ ቁጥር ተሰጠው። ከማሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አላህ ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

ግልባጭ የደረሰው ሰው ሥራ አልደረሰውም፣ ይህ የኛ ቤት ሕግ ነው፣ የትም አልተጻፈም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግልባጩ መዝገብ ቤት ይደርሳል፣ መዝገብ ቤት ጥግ ላይ ለመረጃ ብላ ትጽፍበታለች፣ ፋይል ውስጥ ይተኛል፣ እያንዳንዱ ባለቤቱ ሌላው ነው ይላል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ስንት ግልባጭ አስተኝቻለሁ፣ እያወቅኩ ነው ከአምስቱ አንዱ ያነበዋል ያልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ልጄ ማርቲ እሁድ ዕለት ደብዳቤውን ሶፋው ላይ አገኘችው፣ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ አንደበቷ አያርፍም፣ አባዬ ይሄ ለማን ነው የተጻፈው አለችኝ፣ ላዩ ላይ አለልሽ አልኳት፣ እሱ እኮ ፈርሷል፣ አዎ ፈርሷል፣ እና ለማንም አልተጻፈማ፣ አለች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች፣ አባዬ ሼም ነው በእናትህ፣ ሰውየውን እኮ ፎግረኸዋል። አላስፈራራኋትም፣ አልተቆጣኋትም፣ ምን ብዬ ልቆጣ፣ ተነስቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

ወይዘሮ እሌኒ እያየችን ነው፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ክፍል ተማሪ። ቃለ ጉባኤ ከመዝጋታችን በፊት ትላለች፣ ስለዚች ጀልባ ከአደጋው በፊት በጽሑፍ የሚያውቅ፣ ጥያቄ የደረሰው፣ ያየ፣ የሰማ መሥሪያ ቤት አለ?

የለም ይላል የውሃው። በኛ በኩል የለም ይላል የግብርናው። ፖሊሱ ራሱን ይነቀንቃል። ወደ እኔ ዞረች። አቶ ያረጋል?

የለም በል፣ ሦስት ፊደል ነው፣ የመምሪያው ቅጂ በእጅህ ነው፣ መዝገብ ቤት ያለውን ማን ያስታውሰዋል፣ የሌሎቹ አቧራ ለብሷል፣ ከማሉ ቢናገር ማን ይሰማዋል፣ ጡረታህ ሰባት ዓመት ቀርቶታል፣ ደረጃ ዕድገቱ አለ፣ ጎማ የሌለው የኛ አይደለም በል፣ ከዚያ ወጥተህ ክትፎህን በልተህ ወደ ቤትህ ተሳፈር፣ ከማሉ ይፈረድበታል፣ ስንት ዓመት፣ ሰው ገድሎ አይደል፣ አልገደለም፣ በቸልተኝነት፣ ቸልተኛው ማነው፣ ቁጥር ስጡኝ ብሎ ከዚያ ውሃ ዳር ወልቂጤ ድረስ የመጣው ሰውዬ ነው ቸልተኛ፣ ዓይኔን ሳነሳ በመስኮቱ አየዋለሁ፣ ጋሽ ሸረፋን፣ የሰልሚያን አባት፣ በረንዳው አግዳሚ ላይ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

ይመጣል ይህ ሰው፣ ሰኞ ሰኞ ወልቂጤ ድረስ ይመጣል፣ አያለቅስም፣ አይጮህም፣ ማነው የሚመረምረው ብቻ ነው የሚለው፣ እኔ ወደ ውሃው ላክሁት፣ ውሃው ወደ ግብርና፣ ግብርናው ወደ ፖሊስ፣ ፖሊሱ እሱማ ታስሯል፣ ሌላ ምን ፈለጉ አባባ አለው፣ እኔ ማን እንደታሰረ አይደለም የጠየቅኩት፣ ልጄ የሞተችበትን ምክንያት ነው፣ ብሎ ተመልሶ እኔው ጋ መጣ፣ በክብር ነው ደግሞ የምንሸኘው፣ ብድግ ብለን፣ ሻይ አዘን፣ በር ድረስ ወጥተን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሬሳ የቀበረን ሰው በትሕትና ነው የምናንከራትተው።

አለ፣ እላለሁ።

ድምፄ ነው። ወጥቷል። አለ፣ እኛ ጋ ደርሷል፣ ቦርሳዬን እከፍታለሁ፣ ዚፑ ይይዘኛል፣ ይህን ሁሉ መንገድ ታቅፌው መጥቼ ዚፑ አሁን ይይዘኛል፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፣ ከማሉ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ስንት ሰው ልጫን ብሎ በጽሑፍ ጠይቆን ነበር፣ እኔ ነኝ የተቀበልኩት፣ እኔ ነኝ ወደ ፈረሰ መሥሪያ ቤት የላክሁት፣ እያወቅኩ፣ ለእናንተም ግልባጭ ልኬያለሁ፣ መጠን የሚባለውን ስጡኝ ያለው እሱ ነው፣ ያልሰጠነው እኛ ነን።

ፋይል መገለጥ ይጀምራል፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ፋይል ሲገልጥ፣ የግብርናው ያገኘዋል፣ ጥግ ላይ ለመረጃ ተብሎ ተጽፎበታል፣ የውሃው ያገኘዋል፣ ለመረጃ፣ ፖሊሱ ስልክ ደውሎ ያስፈትሻል፣ አለ ይሉታል፣ ለመረጃ፣ ለኛ እኮ ግልባጭ ነው ይላል የውሃው፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ግልባጭ ነው፣ ግልባጭ ነው ይላሉ ተራ በተራ፣ ወይዘሮ እሌኒ የራሷን መሥሪያ ቤት ፋይል ገልጣ ዝም ብላ ታያለች፣ እሷም ጋ አለ፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ እኛም ጋ አለ ትላለች፣ አትደብቅም፣ ይህችን ሴት ወደድኳት።

ከዚያ በሩብ ሰዓት አለቀ፣ አራት ሰዓት የፈጀብን ነገር፣ የፌዴራሉ እንዲመጣ ደብዳቤው ከኛ መምሪያ ይወጣል፣ አምስቱም ይፈርሙበታል፣ ማዶ ላለው ክልልም በዋና ደብዳቤ እንጂ በግልባጭ እንዳይነገር፣ ብላ ወይዘሮ እሌኒ አስጻፈች፣ የከማሉ ማመልከቻ ከፖሊስ መዝገቡ ጋር ይያያዛል፣ ፖሊሱ ከንፈሩን ነክሶ ይሁን አለ፣ ይፈታል አላለም፣ ዐቃቤ ሕጉ ያየዋል አለ። አቶ ያረጋል ምርመራው ከእርስዎ ነው የሚጀምረው፣ ያውቁታል አይደል አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኩ።

እየተነሳን ነው፣ የግብርናው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወንድ ነህ ይለኛል፣ ደረቴ ቅልል ብሏል፣ ሠላሳ ስምንት ቀን የተጫነኝ ነገር ወርዷል፣ ወንድ ነኝ እንዴ፣ ምናልባት ነኝ፣ ማርቲ ብትሰማ ደስ ይላታል፣ ስልኬን አውጥቼ ልደውልላት እላለሁ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ለሰልሚያ አባት፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከኔ ይስማ፣ ኮሪደሩን በፍጥነት እወጣለሁ፣ እንዲያውም ፈገግ ሳልል አልቀርም።

ጋሽ ሸረፋ አሰላሙ አለይኩም ይለኛል፣ እሱ ነው የሚቀድመኝ፣ ሊነሳ ሲል ይቀመጡ ይቀመጡ ብዬ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ፣ ጀልባዋ ከውሃ ትወጣለች፣ ለምን እንደሰጠመች ይታያል፣ ለእርስዎም በጽሑፍ ይነገርዎታል። መቼ ይለኛል፣ አላውቅም፣ ደብዳቤው ዛሬ ይወጣል። ራሱን ይነቀንቃል። ልነግረው የቸኮልኩት ወሬ ግን ገና ከአፌ አልወጣም።

ጋሽ ሸረፋ፣ አንድ ነገር አለ፣ እላለሁ፣ ከማሉ ስንት ሰው ልጫን ብሎ ሰልሚያ ከመሞቷ ከብዙ ጊዜ በፊት ጠይቆ ነበር፣ ጥያቄውን ወደ ሌለ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ።

አልኩት። አሁን ይረግመኛል፣ ይርገመኝ፣ ወይም እጄን ይይዘኛል፣ እውነቱን ነገርከኝ ይለኛል፣ ሁለቱንም ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ በመንገዱ ላይ በርበሬ የጫነ ጋሪ ያልፋል፣ ያየዋል፣ እስኪያልፍ ድረስ ያየዋል፣ ጥላውን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ ያቆመዋል፣ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፣ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ያልገባው ነገር እንዳለው ሰው ብቻ ነው የሚያየኝ።

ጀልባዋን አይተሃት ነበር?

ጀልባዋን፣ የትኛዋን ጀልባ፣ እንዴ፣ ያረጋል፣ ጀልባዋን፣ በጭንቅላቴ ውስጥ እፈልጋታለሁ፣ ማመልከቻው አለ፣ ካርታው አለ፣ አዋጁ፣ የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሥልጣንና ተግባር፣ አምስቱ ግልባጭ፣ ጀልባ የለችም፣ ቀለሟን አላውቅም፣ ርዝመቷን አላውቅም፣ ስንት መቀመጫ እንዳላት፣ ቀዳዳዋ የቱ ጋ እንደነበር፣ ከማሉ ያን ቀን ከቢሮዬ ሲወጣ ና እስቲ አብረን እንያት ማለት ነበረብኝ፣ መኪና ነበረን፣ ሾፌሩ ውጭ ጫት ይቅም ነበር፣ ቆሜ አይቼ ይህቺ እኮ ከአራት ሰው በላይ አትችልም ለማለት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ ዓይን ነው የሚያስፈልገው፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ከተማ ኖሬ፣ አራት ሰዓት እዚህ አዳራሽ ተከራክሬ፣ ከመካከላችን አንድም ያያት የለም፣ አንድም።

አላየኋትም፣ እላለሁ።

ጋሽ ሸረፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰበብ ሊፈልግልኝ እንደፈለገ ሁሉ፣ ሩቅ ሆኖብህ ነው ልጄ ይለኛል።

አይደለም ጋሽ ሸረፋ። ቅርብ ነው።